የጩኸት ሸፋኙ ሚስት

የእጅ ጋሪው ቁልቁለቱን ሲይዝ ከበሮ መቺው ወደ ኋላ ተለጠጠና በተረከዙ ድንጋዩን እየቧጠጠ ያዘው። ባይዘው ኖሮ ጋሪውም፣ ጋሪው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ የተቀመጠችው ሚስቱም ቀጥ ብለው ወንዝ ነበር የሚገቡት። ወንዙ ደግሞ አይታይም። ንጋት ላይ የወረደው ጉም የጀልባ ማቆሚያውን፣ የእህል መጋዘኖቹን፣ የፈረሶቹን እግር ሳይቀር ውጦ ቤቶቹን ከወገባቸው በላይ ብቻ ትቷቸዋል።

«ቀስ!» አለች ሚስቱ ጥርሷን እንደገጠመች። አፏን መክፈት ያማታል።

«እኔማ ቀስ እያልኩ ነው፤ መንገዱ ነው የሚሮጠው።»

«ቀልድ አምሮሃል አንተ።»

ኧረ ምን አምሮት! ከበሮ መቺው የሚቀልደው ሲፈራ ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ እንደፈራው በዕድሜው ፈርቶ አያውቅም። የሚስቱ ግራ ጉንጭ አብጦ ዓይኗን ዘግቶታል። እሱስ ይሁን፣ ብዙ ሰው አብጦ አይቷል፤ ሥራው ነውና። ማታ ላይ ግን እብጠቱ ከመንጋጋዋ ወርዶ አንገቷን ያዘ፤ የጎነጨችው ውሃ በአፍንጫዋ ተመለሰ። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ትንፋሿ ቀጭን ፉጨት እየሆነ ሲሄድ አዳመጠ። ዛሬ ይህ ጥርስ ካልወጣ ትሞትብኛለች፣ አለ በልቡ። ሲነጋ ጋሪ ለምኖ አመጣና «ለማሳየት ብቻ ነው፤ ማንም አይነካሽም» ብሎ አሳፈራት። መዋሸቱን ታውቃለች። ዝም ብላ የወጣችውም ክርክሩን የሚችል ጉሮሮ ስለሌላት ነው።

ጀልባ ቀዛፊው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለና ሲያያቸው ሳቀ። «ነጎድጓድ! ዛሬ ከበሮህን የት ጣልከው? ምድሩ ዛሬ ጸጥ አለብኝ አልኩ እኮ!»

ነጎድጓድ የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በሥራው ነው። በገበያው መሃል፣ የሰው ጥርስ ደርድሮ በአንገቱ የሚያጠልቀው ታዋቂው ጥርስ ነቃይ፣ ክንደ ብረቱ የሚሉት፣ የእንጨት መድረክ አለው። ከበሮ መቺው ከመድረኩ ጥግ ይቆማል፤ ዓይኑ የጌታው ግራ ክርን ላይ ነው። ክርኑ ወደ ላይ ሲነሳ ጉጠቱ ጥርሱን ያዘ ማለት ነው፤ ያኔ ከበሮው ይጀምራል፤ ክርኑ እስኪወርድ ድረስ ሰማይ ይናዳል። ከመድረኩ በታች ተራ የሚጠብቁት ሰዎች የሚሰሙት ከበሮ ብቻ ነው፤ የሚጮኸውን ሰው ማንም አይሰማውም። ቢሰሙማ እግሬ አውጪኝ ነው! ከበሮ መቺው በሥራው አያፍርም ነበር። እንዲያውም ለሰው የማዝነው እኔ ነኝ፤ ፍርሃታቸውን የምሸፍንላቸው እኔ ነኝ ይል ነበር። አጠገቡ ከተደረጉት ከእነዚያ ሁሉ ንቅለቶች አንዱን እንኳ በጆሮው ሰምቶ አያውቅም።

ሚስቱንም ያገኛት እዚያው መድረክ ላይ ነው። ገና ልጃገረድ ሆና አክስቷ ጎትታ አመጣቻት። ወንበሩ ላይ ሆና ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ እሱን፣ እሱን ብቻ ታየው ነበር። ወደደችኝ ብሎ፣ እጁ ከበሮውን እየመታ ጥርሱን ገልጦ ሳቀላት። ከዚያ ሽማግሌ ላከ፤ ተጋቡ፤ ኖሩ። እሷ የመኮንኖች የትከሻ ማዕረግ ትሰፋለች፤ በከተማው ካለው ሻምበልና ሻለቃ ግማሹ የሚንጎራደደው የሷን የወርቅ ክር ተሸክሞ ነው። ምላሷ ከመርፌዋ ይስላል። ማንንም አትፈራም። ጥርስ መነቀል የሚባል ነገር ከተነሳ ግን ፊቷ አመድ ይመስልና ቤቱን ጥላ ትወጣለች። ሰው ሕመም ይፈራል፣ ምን ይደረግ፣ ብሎ ተወው እንጂ አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

ጀልባው ጉሙን እየሰነጠቀ ተሻገረ። ቀዛፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወደ እንፋሎቱ ቤት ነው አይደል? አይዞህ፣ ለጌታህ አልናገርም» አለ። «የፈረሰኞቹ አዛዥ እናት ባለፈው በዚሁ ጀልባ ሄደው ነበር። ሲሄዱ ሲያለቅሱ፣ ሲመለሱ ስለ ልጅነት ድመታቸው ሲያወሩ። ጥርሱን በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል፤ መቼ እንደወጣ አያውቁትም።»

«ሰማሽ?» አለ ከበሮ መቺው።

ሚስቱ እጇን ከጀልባው ጠርዝ አውጥታ ጉሙን ትዳስስ ነበር።

የእንፋሎቱ ቤት ከሰዓት ሠሪው ሱቅ በላይ ነው። ደረጃውን ደግፏት ሲወጡ ከግድግዳው ባሻገር የሰዓቶቹ ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም የየራሱን ጊዜ ይናገራል። ክፍሉ ነጭ ነው፤ አንድ ትልቅ መስኮት፣ ከመስኮቱ ፊት ባለ ቀይ ከፋይ ወንበር፣ ከወንበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የሰው ራስ የሚያህል ድቡልቡል ብርጭቆ፣ ውስጡ ስፖንጅ፣ ከብርጭቆው የሚወጣ ረጅም የቆዳ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ አፍና አፍንጫ የሚከድን ነገር። ሻማ የለም፣ ምድጃ የለም። ሰው የሚያስተኛው ፈሳሽ፣ ኤተሩ፣ እሳት ካየ ቤቱን ይዞት ይሄዳልና።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ችኩል። አስተኚዋ ግን ታላቅ እህቱ ናት፤ እሱም፣ የሚመጣውም ሰው ሁሉ እትዬ ይሏታል። ባሏ የሞተባት፣ ሰፊ፣ ዝግ ያለች ሴት። ድምፅዋን የሰማ ሰው ሳያስበው ትከሻውን ያወርዳል።

ሐኪሙ ከሚስቱ መንጋጋ ሻሹን ፈታና ትንሽዬ መስታወት አስገብቶ አየ። ፊቱ ተለወጠ። «መቼ ነው መዋጥ ያቃታት?»

«ማታ፣ ጌታዬ።»

«ይህ ጥርስ የታመመው ገና ዱሮ ነው። ሞቶ፣ በስብሶ፣ ከሥሩ ሲመግል ኖሯል።» መስታወቱን አዞረው። «አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ጎረቤቱን ማን ነቀለው?»

«ጌታዬ ክንደ ብረቱ ናቸዋ!» አለ ከበሮ መቺው ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እኔ ራሴ ነበርኩ! የተዋወቅነው በዚያ ጥርስ ነው።»

ሚስቱ አፏን ገጠመች። መስታወቱ ጥርሷ መሃል ተያዘና ሐኪሙ ታግሎ አወጣው።

«ሳልሸፍን ልንገራችሁ» አለ ሐኪሙ። «መግሉ ወደ ጉሮሮ እየወረደ ነው። ዛሬ ከወጣ ትድናለች። ማታ ድረስ ከቆየች መተንፈሻዋ ይዘጋል።»

ከበሮ መቺው ሌሊቱን ሲያስበው ያደረውን ነገር ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገረው ለካ እንዲህ ያማል። ሚስቱ ግን ብድግ ብላ ብርድ ልብሷን መጠቅለል ጀመረች።

«ወዴት?»

«ቤቴ።»

«ያለውን አልሰማሽም እንዴ? ትሞቻለሽ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። አልተኛም። ነቅቼም አልነቀልም፣ ተኝቼም አልነቀልም።»

«አልነቃም ብለው ፈርተው ከሆነ…» ብሎ ሐኪሙ ሊያስረዳ ጀመረ።

«አለመንቃቱን አይደለም የፈራሁት!» አለችና ጉሮሮዋን ያዘች።

እትዬ ተነስታ መጣችና ብርድ ልብሱን ከእጇ ተቀበለቻት፤ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። «የኔ ልጅ፣ ማንም ሳትፈቅጂ አያስተኛሽም። ትንሽ ብቻ ትስቢ። ሰው የሚያወራውን ትሰሚያለሽ፣ ጣትሽን አንሺ ስልሽ ታነሺያለሽ። ፍርሃትሽ ብቻ ጋደም ይልልሻል። ከዚያ ካልፈለግሽ አንቺው ቱቦውን ትገፊዋለሽ። ይሁን?»

ሚስቱ ብርጭቆውን፣ ከዚያ በሩን አየች። በመጨረሻ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ሊያባርሯት እንደሚችሉ እንግዳ፣ ቁጭ አለች። «ትንሽ ብቻ።»

መስኮቱ ተዘጋ። የውጩ ጉም መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ክፍሉ ወተት ውስጥ የተነከረ መሰለ። እትዬ ብርጭቆውን በእጇ መዳፍ ታሞቀው ጀመር፤ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት፣ ጣፋጭም ቀዝቃዛም የሆነ ነገር በክፍሉ ናኘ። ከበሮ መቺው ከወንበሩ ኋላ ቆሞ የወንበሩን የእንጨት ራስጌ በሁለት እጁ ያዘ።

«ሥራሽ ምንድን ነው የኔ ልጅ?» አለች እትዬ። ለሚመጣው ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው። ሰው በሥራው ውስጥ ሆኖ ቢተኛ አይደነግጥም ትላለች።

«የትከሻ… ማዕረግ እሰፋለሁ።»

«ከየት ይጀመራል?»

«ከጠርዙ። መጀመሪያ… ክሩን በሰም… ከዚያ ከጠርዙ…»

«ጣትሽን አንሺልኝ። ጎበዝ። የማን ነው የምትሰፊው?»

«የጄኔራሉ። ጄኔራሉ ግን የለም… ትከሻው ብቻ ነው ያለው… ወንዙ ላይ ይሄዳል…» ሚስቱ ፈገግ አለች። ከበሮ መቺው ይህን ፈገግታ ካየ ሰንብቷል። የሷ ትከሻ ወረደ፤ እጇ ከወንበሩ ክንድ ላይ ተንሸራተተ። እሱም ራሱ እግሩ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለ መሰለው፤ የታች ቤት ሰዓቶች ከሩቅ፣ ከወንዙ ማዶ የሚመቱ ይመስሉ ነበር። ሰላም ነው፣ አለ ለራሱ። አለቀ፣ ዳነችልኝ።

ሐኪሙ እሺታዋን ሳይጠብቅ በእርጋታ ቀረበ። ክዳኑን ከአፏ ከፍ አድርጎ ጉጠቱን ሰደደ። ከዚያም ለመያዝ እንዲመቸው፣ ጥርስ የሚነቅል ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ግራ ክርኑን ወደ ላይ አነሳ።

የከበሮ መቺው እጆች ማንንም አልጠየቁም። ክርን ተነሳ፤ ጣቶቹ በወንበሩ ራስጌ እንጨት ላይ ወረዱ፤ ድም ድም ድም ድም! በደረቁ እንጨት ላይ፣ ልክ ከሚስቱ ጆሮ በላይ።

«ያኛው አይደለም!»

ሚስቱ ዓይኗ ተበልጥጦ ከወንበሩ ተፈናጥራ ተነሳች። ጉጠቱ ወለል ላይ ወደቀ፤ እትዬ ብርጭቆውን በደረቷ አቅፋ አተረፈችው። «ያኛው አይደለም! ጋሼ፣ ያኛው ደህና ነው! አጠገቡ ያለው ነው! ከበሮውን አስቁሙልኝ፣ አይሰሙኝም! አክስቴ! አይሰሙኝም እኮ!» ድምፁ የሷ አልነበረም፤ ቀጭን፣ የልጃገረድ ድምፅ ነበር። እጇ ባዶ አየር ይገፋል።

ከበሮ መቺው እጆቹን አነሳ።

እትዬ ትከሻዋን ይዛ ቀስ ብላ አስቀመጠቻት። «ሰምተናል የኔ ልጅ። ንገሪኝ። የቱ ነው ያመመሽ?»

«የኋለኛው» አለች ሚስቱ ዓይኗ ሌላ ቦታ እያየ። «ነቃዩ የፊተኛውን ያዘ። ጮህኩ። ከበሮ አለ። ከበሮ መቺውን አየሁት። እሱ ወጣት ነው፣ ይሰማኛል፣ ለጌታው ይነግርልኛል ብዬ እሱን እሱን አየሁት። እሱ ሳቀልኝ።» እንባዋ ያበጠ ጉንጯ ላይ ወረደ። «ደህናውን ነቀሉት። የታመመው ቀረ። ዳግም እዚያ መድረክ አልወጣም ብዬ ሕመሙን ቻልኩት።»

ሐኪሙ ጉጠቱን ከወለል ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ እንደተጎነበሰ ቀረ። በእንፋሎቱ ውስጥ ያለ ሰው የሚለውን አያውቅም፣ ሲነቃም አያስታውስም፤ አጠገቡ ያለ ሰው ግን ይሰማል። ከበሮ መቺው መሬት ብትከፈትለት ይገባ ነበር። ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ አንድ ትራስ ላይ ተኝተዋል፤ ያች ሳቅ በትዳራቸው የምትተረክ ምርጥ ጨዋታው ነበረች፤ በእንግዳ ፊት እንኳ ስንቴ ተርኳታል! እሷም ሁልጊዜ ያኔ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። አሁን አንገቷን ያነቃት ያ የቀረው ጥርስ ነው።

ሚስቱ ዓይኗን አርገበገበች፤ እንፋሎቱ እየለቀቃት ነው። ትንፋሿ ከጠዋቱ ይበልጥ ያፏጫል። የሁሉንም ፊት ተራ በተራ አየችና «ምን አልኩ?» አለች።

ከበሮ መቺው ዞሮ መጣና ከወንበሩ ፊት በጉልበቱ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ገባት። ዓይኗን ጨፈነች። «ነግሬህ ነበር እኮ። ያኔውኑ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።»

እንደ ልጅ ንፍጡን እየጎተተ አለቀሰ። «ታዲያ ለምን አገባሽኝ?»

«ልሰድብህ ነበር የጠበቅኩህ» አለች እየተቆራረጠች። «ቃል በቃል አጥንቼ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ስትመጣ ጉልበትህ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ስድቡ ጠፋኝ። ወደድኩህ፤ ምን ላድርግ!» ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆም አለች። «አሁን ቤቴ ውሰደኝ። ነቅቼ ጮኼ ያልሰሙኝን፣ ተኝቼ ማን ይሰማኛል? ማን ይጮህልኛል?»

«እኔ።»

አየችው። በከተማው ካሉት ሰዎች ሁሉ ይህን ቃል ለማለት መብት የሌለው እሱ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ግን ፊቱን ብቻ መረመረች።

«የቱ እንደሆነ አሳዪኝ» አለ። «በጣቴ።»

እጁን ያዘች። ከበሮ ያደነደነውን ሌባ ጣት ወደ አፏ ወስዳ ወደ ኋላ፣ ወደሚያቃጥለው ሥጋ አስገባችውና አንድ ቦታ ላይ አቆመችው። ጥርሱ ሙቅ ነበር። ትንሽ ይነቃነቃል። ከፊቱ ለስላሳ ባዶ ቦታ ነካ።

«ጣቴ ከዚህ አይነሳም» አለ ወደ ሐኪሙ ዞሮ። «ጉጠትዎ እስኪመጣ። ከጣቴ ቦታ ሌላ ከነኩ ይህ ቤት እስኪፈርስ እጮሃለሁ።»

«በሰው አፍ ውስጥ የሁለት ሰው እጅ!» አለ ሐኪሙ። «በየትኛው ትምህርት ቤት ነው እንዲህ የሚሠራው? ካልተኛች ደግሞ ትነክስዎታለች።»

«ትንከሰኛ።»

«ተወው ወንድሜ» አለች እትዬ። ብርጭቆውን ከደረቷ አላቀቀች። «ሌላኛውን እጁን አንቺ ያዢው የኔ ልጅ። ጠበቅ አድርጊ። እጁ ሥራ ከያዘ አይመታም።»

ሚስቱ ሳቋ አመለጣትና ሕመሙ አሳረራት። ከዚያ እጁን ያዘች፤ ጥፍሯ እስኪገባ ድረስ። ቱቦው መጣ። «ክሩን በሰም» አለች ሳትጠየቅ፣ «ከዚያ ከጠርዙ…» እጇ ቀስ በቀስ ላላ።

በዚህ ጊዜ ከበሮ መቺው ፊቱ ከፊቷ አጠገብ ነው፤ ከክዳኑ ዳር ያመለጠው እንፋሎት ሁሉ የሱ ነው። ጣፋጩ ብርድ በአፍንጫው ገብቶ ከግንባሩ ኋላ ተዘረጋ። ነጩ ክፍል ራቀ። ጉሙ መስኮቱን አልፎ የገባ መሰለው፤ ከጉሙ ውስጥ ደግሞ የገበያው መድረክ ወጣ። መድረኩ ላይ ቆሟል፤ ከበሮው ግን አንገቱ ላይ የለም። ሰዎች ተራ በተራ ይወጣሉ። ያውቃቸዋል። ሃምሳ አለቃው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሊያገባ ሳምንት የቀረው አናጢ። አንድ በአንድ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማቸዋል። ሃምሳ አለቃው «እማዬ» ይላል። ዳቦ ጋጋሪዋ «ትንሽ ልረፍ፣ ትንሽ ብቻ» ትላለች። አናጢው «እጄን የሚይዘኝ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በትህትና፣ ጌታዬ እያለ። ጩኸት ነው ብሎ ሲሸፍን የኖረው ግማሹ ንግግር ነበር። ሰዎች የሆነ ነገር እየለመኑ ነበር። ከኋላቸው ወረፋው እስከ ወንዙ ድረስ ይሄዳል፤ ከወረፋው መጨረሻ አንዲት ልጃገረድ ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ ታየዋለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ግን ሩቅ ናት። መጣሁ፣ ይላታል፣ ቆይ፣ መጣሁ፤ እግሩ ግን ጉም ውስጥ ነው።

ጣቱ ላይ ብረት ነካው።

«ጣትዎን ያንሱ» አለ ሐኪሙ ከሩቅ። ከበሮ መቺው ጣቱን አወጣ። ሁለት ሐኪም ታየው፣ ሁለት ጉጠት፤ ጉጠቱ አንዴ ጥርሱ ላይ፣ አንዴ ከጥርሱ አለፍ ብሎ። ግራ ክርን ወደ ላይ ተነሳ።

«አቁም!»

እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከውስጡ ወጥቶ አያውቅም። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ከታች ሰዓት ሠሪው በእንጨት ጣሪያውን ሲደበድብ ተሰማ። ሐኪሙ እንደ ሐውልት ቀጥ አለ፤ ጉጠቱን ቀስ ብሎ አወጣ። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

«አንተ ሰው! ትክክለኛው ላይ ነበርኩ!»

«ልይ።»

«ጊዜ የለንም እኮ!»

«ይይ» አለች እትዬ፤ የሚስቱን የልብ ትርታ በጣቷ ይዛ። «ደህና ናት። ይይ።»

ከበሮ መቺው ጣቱን መልሶ ሰደደ። ሙቅ ጥርስ፣ የሚነቃነቅ፣ ከፊቱ ባዶ ቦታ። ሐኪሙ ጉጠቱን አጠገቡ አሳርፎ አሳየው። ትክክል ነበር። የጮኸው በከንቱ ነው፤ ሐኪሙ ከመጀመሪያውም አልተሳሳተም። «እሺ» አለ ከበሮ መቺው አፍሮ። «ይቅርታ። እሱ ነው። አሁን ይውሰዱት።»

ክርኑ ተነሳ። ከበሮ መቺው የላላውን የሚስቱን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ያኔ ዕድሜውን ሙሉ አጠገቡ ሆኖ ያልሰማውን ድምፅ ሰማ፤ እርጥብ እንጨት ቀስ ብሎ ሲሰነጠቅ የሚመስል፣ ትንሽ፣ አጭር። ያ ብቻ ነበር። ከዚያ ያ ሁሉ መግል ወረደ፤ እትዬ ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብላ በጨርቅ ተቀበለችው፤ ክፉ ሽታው የእንፋሎቱን ጣፋጭ ሽታ አሸነፈው። ሐኪሙ መስኮቱን በረገደው። ሁሉም ቆመው አዳመጡ። ፉጨቱ ቀጠነ፤ ተቆረጠ፤ ቀጥሎ ሙሉ፣ ረጅም፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ መጣ።

ከበሮ መቺው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ሚስቱ ስትነቃ ጉሙ ተገፎ ወንዙ ይታይ ነበር። ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አየች። ቀጥሎ በምላሷ አፏን ዳሰሰች፤ ሁለቱን ባዶ ቦታዎች አንድ በአንድ፤ ደህና ሆነው የቀሩትን ጥርሶች አንድ በአንድ። ጨርሳ ወደ እሱ ዞረች።

«ጮህኩ?» አለች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ግን የራሷ ነው።

«አንቺ አልጮህሽም። እኔ ነኝ የጮህኩት።»

«ምን ብለህ?»

«አቁም ብዬ። በከንቱ እኮ ነው፤ ሐኪሙ ትክክል ነበሩ። አሰደብኩሽ።»

ሚስቱ በክርኗ ተደግፋ ብድግ አለች። ዓይኗ፣ ያበጠውም ደህናውም፣ ፊቱ ላይ ተተከለ። በከንፈሯ ጥግ ደም አለ።

«ከዚያስ?» አለች። «ስትጮህ አቆሙ?»

«አቆሙ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

መልሳ ጋደም አለች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። ቆይታ፣ እንደገና፣ ልክ መጀመሪያ እንደጠየቀችው አድርጋ፣ «አቆሙ?» አለችው።

«አቆሙ» አላት።